ልጄ የመኪና ውድድር ትኬት ገዛችልኝ፣ እኔ ግን የሞተር ድምፅ ያንቀጠቅጠኛል

ሰላም እታለም። ዓምድሽን የምታነበው ባለቤቴ ናት፣ እኔ አልፎ አልፎ በሷ ስልክ ነው የማየው፣ አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። የምንኖረው ዳላስ ነው፣ 44 ዓመቴ ነው፣ ኤርፖርት ውስጥ እሰራለሁ። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቋ 15 ዓመቷ ነው። ይቺ ልጅ በፎርሙላ ዋን ካበደች ሁለት ዓመት ሆናት። እሁድ ጠዋት እኛ ለቅዳሴ ስንነሳ እሷ ቀድማን ተነስታ ቲቪው ስር ቁጭ ብላ ነው የምናገኛት። የሾፌሩን ስም፣ የጎማውን ዓይነት፣ ማን የት እንደተጋጨ፣ ሁሉንም ታውቃለች፣ የሃሚልተንን ቀይ ኮፍያ ሳታደርግ ከቤት አትወጣም።

ባለፈው ልደቴ ላይ ፖስታ ሰጠችኝ። ስከፍተው ኦክቶበር ላይ ኦስቲን ለሚደረገው ውድድር ሁለት ትኬት፣ የሶስቱም ቀን፣ አንዱ ለኔ አንዱ ለሷ። የሰው ህፃን እየጠበቀች ካጠራቀመችው ከ800 ዶላር በላይ አውጥታበታለች። "ዳዲ አንተ እኮ ኢትዮጵያ ሹፌር ነበርክ፣ ከማንም በላይ የሚገባህ አንተ ነህ" አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት፣ ከዛ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

እውነት ነው ሹፌር ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ደሴ አይሱዙ ነበር የምነዳው። ታናሽ ወንድሜ ረዳቴ ነበር፣ 19 ዓመቱ፣ መኪና ነፍሱ ነው፣ መንገድ ዳር ቆመን ዓይኑን ጨፍኖ በድምፁ ብቻ "ይሄ ኤንትሬ ነው፣ ይሄ ስካኒያ ነው" ይለኛል፣ ተሳስቶ አያውቅም። በ1999 ዓ.ም. ጣርማ በርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ መኪናው ፍሬን በጠሰብኝ። ፍሬኑ እንደማያስተማምን ለባለመኪናው ነግሬው ነበር፣ "ይቺን ጭነት አድርስና ይሰራል" ብሎኝ ነው የወጣሁት። እኔ እግሬን ተሰብሬ ተረፍኩ፣ ወንድሜ አልተረፈም። ከዛ ወዲህ የጭነት መኪና ነክቼ አላውቅም፣ ዲቪ ደርሶኝ በ2002 ዓ.ም. መጣሁ። እዚህም እነዳለሁ ግን ቀኙን ይዤ ቀስ ብዬ ነው፣ ልጄ "እንደ አያቴ ነው የምትነዳው" ብላ ትስቅብኛለች። አጎቷ በመኪና አደጋ እንደሞተ ታውቃለች፣ የነዳሁት እኔ እንደሆንኩ ግን አታውቅም። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ግን አናነሳውም።

አሁንም ትልቅ መኪና ማርሽ ሲቀንስ ከሰማሁ ላብ ያጠምቀኛል። እንደዛ እየበረሩ ሲጋጩ እንዴት ቁጭ ብዬ አያለሁ? ብሄድ በዛ ሁሉ ሰው መሃል ምን እንደምሆን አላውቅም። ብቀር የልጄን ልብ ልሰብር ነው። ስራ ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬ ልዋሻት ሁላ አስቤያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ? ከዳላስ።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል፣ ቶሎ ያልመለስኩልህ ደጋግሜ ማንበብ ስለፈለግኩ ነው። ከሁሉ በፊት ነፍሱን ይማርልህ። ብዙ ዓመት ሆኖታል ብዬ አላልፈውም፣ ላንተ ትላንት የሆነ ያህል እንደሆነ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። ሰው ሲሞትብን ለቀስተኛው መጥቶ እግዜር ያጥናህ ይለናል፣ ይቀመጣል፣ ያስለቅሰናል፣ መሪውን የያዘው ሰው ግን ከለቅሶው ድንኳን ውስጥም ብቻውን ነው የሚቀመጠው፣ ምክንያቱም የመጣው ሁሉ ምን እንደሚለው ይቸግረዋል፣ እሱም ሰው እንዳይቸገርበት ብሎ ዝም ይላል፣ ዝምታውም እንዲህ ከደሴ መንገድ እስከ ዳላስ ይከተላል።

አንድ ነገር ላንሳልህ። ለባለመኪናው ነግሬው ነበር ያልክባት ቦታ በአንድ መስመር ብቻ ነክተሃት ሮጠህ ነው ያለፍከው። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ጥፋት የለብህም ብዬ በአንድ ቃል ላጥብህም አልፈልግም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ብሎህ እንዳልጠቀመህ እገምታለሁ። ግን ይቺን ነገር፣ ፍሬኑን እንደተጠራጠርክ፣ እንደተናገርክ፣ ቢሆንም እንደወጣህ፣ ከነሙሉ ታሪኳ ለማን ነግረህ ታውቃለህ? ለባለቤትህ? ለንስሐ አባትህ? ለእናትህ? ለማንም ካልነገርክ አሁን የከበደህ የኦስቲኑ ውድድር ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ትኬቱ የተቆለፈውን በር ነው ያንኳኳው።

ስራ ከለከሉኝ የሚለውን ተወው በጌታ። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ልጅህን ልትጠብቃት ነው። ግን አስበው፣ ይቺ ልጅ የሰው ህፃን ዳይፐር እየቀየረች ያጠራቀመችውን ብር አውጥታ ከጓደኞቿ መሃል አንዷን ሳይሆን አንተን ነው የመረጠችው። በ15 ዓመት አባቴ አብሮኝ ይዋል የሚል ልጅ ያለው ሰው ስንት ነው? ስራ ነው ብትላት እሺ ትልሃለች፣ ክፍሏ ገብታ ታለቅሳለች፣ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ፈቃድህን ቀድመህ ጠይቅ ትልሃለች። ያኔ ምን ልትላት ነው?

ሌላው ደግሞ፣ አውቀህ ጽፈኸው እንደሆነ እንጃ፣ ወንድምህ ዓይኑን ጨፍኖ መኪና በድምፁ የሚለይ ልጅ ነበር ብለኸኛል፣ ከሱ በፊት ደግሞ ልጅህ ከጎማው ጀምሮ ሁሉን ታውቃለች ብለሃል። ልጅህ እኮ አጎቷን ነው የወጣችው! የምታውቀው ሳሎን የተሰቀለ ፎቶውን ይሆናል፣ እንዴት እንደሞተ ጭምጭምታ ይሆናል፣ እንዴት እንደኖረ ግን ማንም አልነገራትም፣ ምክንያቱም አኗኗሩን ለመንገር ስትጀምር አሟሟቱ ላይ ትደርሳለህ። ቤት ውስጥ ይሄ የመኪና ፍቅር ከየት መጣባት እያላችሁ ስትገረሙ አንተ ብቻ መልሱን ታውቀዋለህ። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መኖር እንዴት ያደክማል ወንድሜ።

ስለዚህ የኔ ምክር ከትኬቱ አይጀምርም። መሄድ አለመሄድህን ሳትወስን በፊት ንገራት። መቼ እና እንዴት የሚለውን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ግን መኪና ውስጥ እየነዳህ እንዳታደርገው እለምንሃለሁ፣ ወደ ኦስቲን የሚወስደው 35 ላይ ከሶስት ሰዓት በላይ ስላለ እዛ አወራታለሁ ብለህ ታስብ ይሆናል፣ ተው። ቤት ይሁን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቷ ቡና ስታፈላ፣ ትንሹ ልጅ ሌላ ቦታ ሲጫወት። መጀመሪያ ለባለቤትህ ልነግራት ነው በላት፣ አብራችሁ ተቀመጡ። ከአደጋውም አትጀምር፣ ከሱ ጀምር። ደብዳቤህን ሁለቴ ፈለግኩት፣ ስሙን አንድ ቦታ አልጻፍክም። በስሙ ጥራላት። ኤንትሬ ምን ዓይነት መኪና እንደነበር ንገራት፣ ድምፁን እንዴት እንደሚለይ፣ ሲስቅ ምን እንደሚመስል፣ ከኋላ ጭነት ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚዘፍን። ከዛ ጣርማ በር ሲደርስ ቀስ ብለህ፣ ልጅ መሸከም የማትችለውን ዝርዝር እየተውክ፣ "የምነዳው እኔ ነበርኩ" በላት። ብታለቅስ አልቅስ፣ አባት ሲያለቅስ ያየ ልጅ አይሰበርም። እሷ ዝም ልትል ትችላለች፣ ልትጠይቅህም ትችላለች፣ "ታዲያ ለምን ወጣህ" ብላ ቁስልህን የምትነካ ጥያቄም ልታመጣ ትችላለች፣ የዛን ቀን መልስ ከሌለህ "እኔም ራሴን እጠይቀዋለሁ" ማለት ይበቃል።

ይሄን አሁን የምቸኩልበት ምክንያት ኦክቶበር ብቻ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ 15 ዓመት የሞላው ልጅ የድራይቪንግ ኮርስ ተመዝግቦ ለርነር ፐርሚት ማውጣት ይችላል። አንተ ሳትጽፈው ቀረህ እንጂ ያቺ ልጅ ወይ ጠይቃሃለች ወይ ልትጠይቅህ ነው። ጎኗ የሚቀመጠው ማን ነው? ፍሬኗን የተጠራጠርሽባት መኪና ውስጥ ማንም ምንም ቢልሽ አትግቢ ብሎ ከልቡ ሊነግራት የሚችል ሰው ካንተ በላይ የለም።

እሺ፣ አሁን ወደ ውድድሩ። እኔ በ2022 (ከዚህ በታች ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልህ) የእህቴ ልጅ ወስዶኝ እዛው ኦስቲን ሰርኪት ኦፍ ዘ አሜሪካስ ሄጃለሁ፣ ከዛ በፊት በህይወቴ የመኪና ውድድር በአካል አይቼ አላውቅም ነበር፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ። ቲቪ የማይነግርህ ነገር ድምፁ ነው፣ በጆሮህ ከመስማትህ በፊት ደረትህ ላይ ታውቀዋለህ። ከ2014 ጀምሮ ያሉት ቪ6 ሃይብሪድ ሞተሮች ከድሮዎቹ ድምፃቸው ቀንሷል ይባላል፣ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ያስደነግጣል። መኪናውን በዓይንህ የምታየው ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ቪው ብሎ ያልፍሃል፣ የቀረውን በትልቁ ስክሪን ነው የምትከታተለው። ዙሩ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሁድ 56 ጊዜ ይዞሩታል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል በለው። የቀረው ቀን ሙሉ መራመድ፣ ሳር ላይ መቀመጥ፣ መብላት፣ ሰው ማየት ነው። ጃንሜዳ ጥምቀት ላይ ቤተሰብ አንጥፎ እንደሚውለው አድርገህ አስበው፣ እኔ ያልጠበቅኩት እሱን ነበር፣ አያቶች ሁላ ነበሩ።

ግጭት አታይም ብዬ ግን አልዋሽህም። እኔ በነበርኩበት ቀን የፈርናንዶ አሎንሶ መኪና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ከስትሮል ጋር ተነካክታ ፊቷ ወደ ሰማይ ተነሳ፣ እዛ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ ይሰማኛል እስካሁን። መኪናዋ መሬት ላይ አረፈች፣ ሰውዬው ነድቶ ተመለሰ፣ አስጠገነ፣ ውድድሩንም 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2018 ከሾፌሩ ጭንቅላት በላይ ሄሎ የሚሉትን የብረት ቅስት አስገብተዋል፣ በ2020 ባህሬን ላይ የግሮዣን መኪና ለሁለት ተከፍላ በእሳት ስትያያዝ ያተረፈው አንዱ እሱ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ በእግሩ ወጣ። ያም ሆኖ ስፖርቱ ሰው በልቷል፣ ጁል ቢያንኪ በ2014 ጃፓን ላይ በደረሰበት ጉዳት በ2015 ሞተ፣ በ2019 ቤልጂየም ላይ በፎርሙላ ቱ ውድድር የ22 ዓመቱ አንትዋን ሁበርት ሞተ። ይሄን የምነግርህ ልጅህም ስለምታውቀው ነው፣ ያልሰማህ መስለህ እንዳትቀርብ።

አንድ ነገር ግን እዛ ቁጭ ብዬ ስመለከት ገርሞኛል፣ ደብዳቤህን ሳነብ ደግሞ ትዝ አለኝ። የያንዳንዱ መኪና የፍሬን ሙቀት በየሰከንዱ መሐንዲሶቹ ስክሪን ላይ ይታያል፣ ከገደብ ካለፈ በሬዲዮ ይነግሩታል፣ ካልሆነ ጠርተው ከውድድሩ ያስወጡታል። ሾፌሩ ፍሬኑ እንደ በፊቱ አልሆነልኝም ካለ ይሰማል። በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም ኋላ ሐኪም የያዘ መኪና ይከተላቸዋል። የ19 ዓመት ወንድምህና አንተ ያን ቀን ይሄ ሁሉ አልነበራችሁም፣ አንተ ተናገርክ፣ የሚሰማ አልነበረም። ይሄን ስታይ ልትናደድ ትችላለህ፣ ልታለቅስም ትችላለህ፣ ሁለቱም ቢመጣብህ አይግረምህ።

እንሂድ ብለህ ከወሰንክ እንዲህ አድርግ። ከወዲሁ እሁድ ጠዋት ካንዱ ውድድር የተወሰነ ደቂቃ ከጎኗ ተቀመጥ (ቅዳሴው እንዳይቀርብህ ደግሞ)፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ትጀምር፣ አንተ በቻልከው ልክ ትጨምረው፣ ላብ ከመጣብህ አቁሚ በላት። አሁን ስለምታውቅ ታቆማለች። ሌላው ቀን ነው፣ ትኬታችሁ የሶስት ቀን ስለሆነ ከእሁድ አትጀምር። ቅዳሜ ማጣሪያ አለ፣ ኳሊፋይንግ የሚሉት (አንዳንድ ዓመት ቅዳሜ ስፕሪንት የሚሉት አጭር ውድድርም ስለሚኖር ፕሮግራሙን ልጅህ ቀድማ ትይልህ፣ ካለ እሱን ዝለለው)፣ ማጣሪያው ላይ እያንዳንዱ ከሰዓት ጋር ነው የሚሽቀዳደመው እንጂ ጎን ለጎን አይጋፉም፣ ድምፁን ትለምዳለህ፣ ቦታውን ታውቃለህ፣ እሁድን ማታ ሆቴል ሆነህ ትወስናለህ። ቅዳሜ ብቻ አይተህ ብትመለስም ሄደሃል።

አቀማመጥህንም አስብበት። በገዛችበት ዋጋ ትኬቱ የወንበር ቁጥር የሌለው፣ ሳሩ ላይ የሚያስቀምጠው ሳይሆን አይቀርም፣ ያ ላንተ ጥሩ ነው ምክንያቱም ትመርጣለህ። 1ኛው ኩርባ ታዋቂ ነው፣ ትልቅ ዳገት ወጥተው ይታጠፉና ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳሉ፣ ሲጀመር ሁሉም ተጋፍተው የሚገቡበትም እሱ ነው፣ ልጅህ እዛ እንሁን ልትልህ ትችላለች፣ እሱን ተዉት። 12ኛው ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ነው፣ እዛ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ማርሽ ነው የሚቀንሱት፣ ያንተ ህመም ደግሞ እሷ ድምፅ ናት። 19ኛውም ይቅር፣ በ2024 የልጅህ ሃሚልተን ራሱ ውድድሩ ገና እንደተጀመረ እዛ ተሽከርክሮ ጠጠር ውስጥ ቀርቷል፣ ምንም ሳይሆን ወጥቶ ሄደ፣ ግን አንተ እሱን ማየት አያስፈልግህም። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ያለው ቦታ እንደ እባብ እየተጣመመ የሚሄድ ነው፣ ብዙም ፍሬን ሳይይዙ ተከታትለው ይፈሱበታል፣ እዛ ብትቀመጥ ይሻልሃል ብዬ አስባለሁ። ለሷ ደግሞ ሃሚልተን እዚህ ሜዳ 5 ጊዜ እንዳሸነፈ፣ 6ኛ ሻምፒዮናነቱንም በ2019 እዚሁ እንዳረጋገጠ አንተ ቀድመህ ብትነግራት ምን እንደምትሆን እያት።

የጆሮ መሸፈኛ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውንም ከላይ የሚደረገውንም፣ ሁለቱንም ዓይነት ግዛ፣ አሁን ግዛው፣ ቤት ውስጥ አድርገህ ልመደው። ኮፍያ፣ ውሃ፣ የሚራመዱበት ጫማ። ምን ይዞ መግባት እንደሚፈቀድ ቀድማ ልጅህ ትይልህ። ከከተማው የሚነሱ ሻትል ባሶች አሉ፣ በነሱ ሂዱ፣ ሲያልቅ ከፓርኪንጉ ለመውጣት የሚፈጀው ሰዓትና ግርግር ያደክማል፣ ያን ቀን መሪ አትያዝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሶስተኛ ሰው ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። ድንገት ቢከብድህና መውጣት ብትፈልግ የ15 ዓመት ልጅ እዛ ሰው መሃል ጥለህ አትወጣም፣ ይዘሃት ብትወጣ ደግሞ ቀኗ ተበላሸ፣ ይሄን ስታስብ ገና ከመግባትህ ትታመማለህ። ባለቤትህ ትምጣ፣ ትንሹን ልጅ አንድ ዘመድ ይያዝላችሁ። እሷ ካልተመቻት ከምታምኑት ጎረቤት ወይ ከቤተክርስቲያን አንድ ሰው ፈልጉ። ከልጅህ ጋር ደግሞ ቃል ተስማሙ፣ "ቡና ልጠጣ" ካልክ መውጣትህ ነው፣ እሷም ምን ሆንክ ብላ አታሳድድህም፣ እናቷ ጋ ትቀመጣለች፣ አንተ በሩ ጋ ትጠብቃለህ። መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይወጣ ይውላል።

አሁንም ግን፣ ብትቀር ነውር የለውም። ነግረሃት፣ ሞክረህ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሆቴል በር ላይ እግርህ እምቢ ካለህ እናትና ልጅ ይሂዱ፣ አንተ ኦስቲን ውስጥ ጠብቃቸው፣ ማታ ስትመለስ ሁሉንም ታውራህ። ከዳላስ ሶፋ ላይ ሆኖ ከመዋሸት ይሄ በብዙ ይሻላል፣ እዛ ድረስ የሄድከው ለሷ ብለህ እንደሆነ ታየዋለች።

ስለ ላቡ ደግሞ። ከድንጋጤ የተረፈ ሰው አካል ድምፁን ሲሰማ ነገሩ ዳግም የመጣ ይመስለዋል፣ ይሄ ስም ያለው፣ የሚታከም ነገር ነው፣ ከፍርሃትና ከወኔ ማነስ ጋር አታምታታው። ለልጅህ ከነገርካት በኋላ እንቅልፍ ከራቀህ፣ ህልሙ ከበረታብህ፣ ወይ ቲቪው ፊት ገና በትንሹ ድምፅ ትንፋሽ ካጠረህ ልምምዱን ተወውና የቤተሰብ ሐኪምህ ጋ ሂድ፣ የአደጋ ትዝታ የሚያክም ቴራፒስት ሪፈር አድርገኝ በለው፣ ኢንሹራንስህ ምን እንደሚሸፍን ባለቤትህ ትጠይቅልህ። እኔ ብትጠይቀኝ ባይብስብህም ሂድ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻህን ተሸክመኸዋል።

ከኦክቶበር በኋላ ጻፍልኝ፣ ሄድክም ቀረህም። ልጅህ አጎቷ ዓይኑን ጨፍኖ መኪና ይለይ እንደነበር ስትሰማ ምን እንዳለችህ ማወቅ እፈልጋለሁ።